ሽታ የሌለው የድመት አሸዋ የምታውቁ፣ ለእናትየዋም ለልጇም የሚሆን የቱ ነው?

ግራጫ ጭራ፦

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ድመት ያላችሁ ሰዎች እባካችሁ ይሄን አንብቡና ለእህታችሁ መላ በሉኝ። አንዲት የ3 ዓመት ድመት ከነልጇ ከጓደኛዬ ተቀብያለሁ፣ ልጅየው ገና 6 ሳምንት ገደማ ነው። ጓደኛዬ ከነሳጥኑ ከነአሸዋው ነው የሰጠችኝ፣ አሸዋው ደግሞ ላቬንደር ላቬንደር የሚሸት፣ ሽንት ሲነካው የሚጓጉለው ዓይነት ነው። ፓኬቱ ሲከፈት ክፍሉ ሙሉ ሽቶ ይሆናል፣ እኔን ራሱ ጉሮሮዬን ይይዘኛል። ድመቷ ወደ ሳጥኑ ትሄዳለች፣ ጠርዙ ላይ ቆማ ታሸታለች፣ ታስነጥሳለች፣ ከዛ እግሯን እያራገፈች ትወጣና ሻወር በር ላይ ያለው ምንጣፍ ላይ ትሸናለች። ሁሌም አይደለም ግን እየበዛ ነው። ልጅየው ደግሞ በተቃራኒው ሳጥኑን ወዶታል፣ ችግሩ አሸዋውን ይቆረጥመዋል፣ ከአፉ ውስጥ በጣቴ ያወጣሁበት ጊዜ አለ።

ሽታ የሌለውን መግዛት ብቻ ይበቃል ወይስ ዓይነቱንም መቀየር አለብኝ? ሽታ የሌለው ካደረግኩ ቤቱ አይሸትም ወይ፣ ቤቴ ጠባብ ነው፣ ሳጥኑን የማስቀምጠው ከምተኛበት ብዙም ሳይርቅ ነው። የእንጨት ሰጋቱራስ ይሆናል የሚል ሰው አለ፣ እውነት ነው? ፓኬቶቹ ላይ የተጻፈው ሁሉ ስለኛ አፍንጫ ነው እንጂ ስለነሱ ምንም አይልም፣ ግራ ገባኝ።

የክሊኒኳ ልጅ፦

እህቴ እንኳን ጠየቅሽ። የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ በረዳትነት ነው የምሰራው፣ ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

ልጅየውን እናስቀድም። ያ የሚጓጉለው አሸዋ ዛሬውኑ ከፊቱ ይነሳ። እንዲጓጉል የሚያደርገው ሶዲየም ቤንቶናይት የሚባል የሸክላ አፈር ነው፣ እርጥበት ሲያገኝ ከመጠኑ ብዙ እጥፍ ያብጥና ድርቅ ያለ ጓል ይሆናል። ሳጥን ውስጥ ሲሆን ለማፈስ ይመቻል፣ ግን ሆድ ውስጥም እርጥበት አለ አይደል፣ የትንሽ ድመት አንጀት ደግሞ በጣም ቀጭን ነው፣ ብዙ ከዋጠ ሊዘጋበት ይችላል። የድመት ልጆች ከ3 እና 4 ሳምንታቸው ጀምሮ ሳጥን ይለምዳሉ፣ በዛው እድሜ ያገኙትን ሁሉ በአፋቸው ነው የሚሞክሩት፣ ስለዚህ ልጅሽ የሚያደርገው ነገር የእድሜው ነው፣ መቆጣት አያስፈልግም፣ አሸዋውን መቀየር ነው እንጂ። 3 ወይም 4 ወር እስኪሞላው ድረስ የማይጓጉል ብቻ ተጠቀሚ። ካስመለሰ፣ መብላት ካቆመ፣ ሆዱ ከተነፋ ወይም ካካ ካልወጣለት ግን ሳትጠብቂ ሐኪም ጋ ውሰጂው። ደሞ አንድ ነገር፣ ትልቅ ድመት ድንገት አሸዋ መብላት ከጀመረች ያ ሌላ ነው፣ የደም ማነስ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ደሟ መታየት አለበት።

አሁን ወደ ሽቶው። የድመት አፍንጫ ከኛ ብዙ እጥፍ ነው የሚያሸተው፣ ላንቺ ክፍሉን የሞላ ሽታ እሷ ውስጡ ገብታ፣ ቆፍራ፣ አቧራውን ተንፍሳ፣ መዳፏ ላይ ይዛው ወጥታ ከዛ የምትልሰው ነው። ምላሷ ላይ መድረሱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፣ ምክንያቱም የድመት ጉበት ፌኖል የሚባሉትን ኬሚካሎች እና ብዙ የዕፅዋት ዘይቶችን የሚያስወግድበት መንገድ (ግሉኩሮኒዴሽን ይሉታል) በጣም ደካማ ነው፣ ዋናውን ኢንዛይም የሚሰራው ጂን እነሱ ጋ የማይሰራ ሆኖ ቀርቷል። ሰውና ውሻ በቀላሉ የሚያስወጡት ነገር እነሱ ውስጥ ይቆያል። ላስፈራራሽ አልፈልግም፣ አሸዋ ላይ የሚረጨው ሽቶ መጠኑ ትንሽ ነው፣ ድመቶች በሱ ተመርዘው ሲመጡ አይደለም የምናየው፣ የምናየው ልክ ያንቺ ዓይነቱን ነው፣ ሳጥኑን የጠሉ፣ የሚያስነጥሱ፣ አስም ካለባቸው ደግሞ የሚብስባቸው። ስለዚህ ምንጣፍ ላይ መሽናቷ እልህ አይደለም፣ እየነገረችሽ ነው።

ግን ሌላ ምንም ከመቀየርሽ በፊት አንድ ነገር አረጋግጪ። ሽንቷን አስመርምሪላት። ከሳጥን ውጪ የሚሸኑ ድመቶች ብዙዎቹ የሽንት ቧንቧ ህመም አለባቸው፣ ስትሸና ያማታል፣ ህመሙን ከሳጥኑ ጋር ታያይዘውና ለስላሳ ቦታ ትፈልጋለች። የሻወር ምንጣፍ ለዚህ በጣም ይመቻል።

ባለ ሦስት ድመት፦

ከላይ ያለው ልክ ነው፣ እኔ የምጨምረው ስለ ቤቱ ሽታ ነው ምክንያቱም ሰው ሁሉ ወደ ሽቶው የሚሮጠው በሱ ፍርሃት ነው። ሽንት ሲወጣ ያን ያህል አይሸትም፣ የሚሸተው ሲቆይ ነው፣ ሽንት ውስጥ ያለውን ዩሪያ ባክቴሪያ ይሰባብረውና አሞኒያ ይሆናል፣ ያ ዓይን የሚያቃጥለው ነገር እሱ ነው። ሽቶው አሞኒያውን አያጠፋውም፣ ከላዩ ሌላ ሽታ ይጨምርበታል እንጂ፣ ድመቷም ሁለቱንም ታሸታለች። ስለዚህ መፍትሄው ባክቴሪያው ጊዜ እንዳያገኝ ማድረግ ነው፣ ጠዋት ማታ ማፈስ። ማታ ከመተኛትሽ በፊት ማፈሱን ልመጂው፣ የምትተኚበት ክፍል አጠገብ ከሆነ ልዩነቱን በአንድ ሌሊት ታውቂዋለሽ።

ሌላው የሳጥኑ ነገር ነው። ክዳን ያለው ከሆነ ክዳኑን አንሺው፣ ሽታውን የሚያፍነው ውስጥ ላለችው ነው። ርዝመቱ ድመቷ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ መነሻ ካላት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ቢሆን ነው የሚመከረው፣ የሚሸጡት ብዙዎቹ ከዚህ ያንሳሉ፣ ዝቅ ያለ ሰፊ የፕላስቲክ የልብስ ማስቀመጫ ብትገዢ ይሻላል፣ ለልጅየው መግቢያ አንድ ጎኑን ዝቅ አድርገሽ ቁረጪለትና ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሺው። ቁጥሩ ደግሞ በድመቶቹ ልክ ሆኖ አንድ ይጨመርበታል ይባላል፣ ላንቺ 3 ማለት ነው፣ ቤትሽ ጠባብ ነው ብለሻል፣ ቢያንስ ሁለት አድርጊና አንድ ላይ አታስቀምጫቸው፣ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሳጥኖች ለነሱ እንደ አንድ ናቸው። የአሸዋው ጥልቀት ወደ 5 ሴንቲሜትር ይሁን። የማይጓጉል ዓይነት ስትጠቀሚ ሽንቱ ወደ ታች ስለሚወርድ በሳምንት አንዴ ሙሉውን ደፍተሽ መቀየር አለብሽ፣ ጓል ስለሌለው ንጹህ መስሎ ይታይሻል ግን አይደለም።

ቤኪንግ ሶዳ ከታች ስስ አድርጎ መነስነስ አይከፋም፣ ያው ሽታ የለውም። የነቃ ከሰል ያለበት አሸዋም አለ፣ እሱ ሽታውን ራሱ ላይ ይይዛል እንጂ ሌላ ሽታ አይጨምርም።

ግራጫ ጭራ፦

ኧረ ተባረኩ፣ በጣም ነው የማመሰግነው። ነገ ጠዋት ሽንቷን ለማስመርመር ቀጠሮ ይዣለሁ። ላቬንደሩን አንስቼዋለሁ፣ ለጊዜው የተቀዳደደ ወረቀት ነው ያደረግኩላቸው፣ ልጅየው ተጫወተበት ግን ደግሞ ሸናበት። እሺ አሁን የማይጓጉልና ሽታ የሌለው ውስጥስ የትኛው? የእንጨት ፔሌት (ያ ተጨምቆ ፍሬ ፍሬ የሆነው)፣ የወረቀት ፔሌት፣ ያ ነጭ ክሪስታል የሚመስለው፣ ተራ ሸክላ... እና የሰጋቱራውን ጥያቄዬን ማንም አልመለሰልኝም።

ባለ እንጨቱ፦

ሰጋቱራውን እኔ ልመልስልሽ፣ የእንጨት ስራ ነው ሙያዬ። ከማሽን ስር የሚጠረግ ሰጋቱራ ለድመት አይሁን። አንደኛ ምን እንጨት እንደሆነ አይታወቅም፣ ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የተሰራ ጣውላ) እና ኮምፔንሳቶ የተቆረጠበት ከሆነ ሙጫ አለበት፣ ሙጫው ብዙ ጊዜ ፎርማልዴይድ የሚባል መርዛማ ኬሚካል ያለበት ነው። ቀለም የተቀባ ወይም ለምስጥ መድኃኒት የተነከረ እንጨትም ሊኖርበት ይችላል። ሁለተኛ የሰጋቱራ ብናኝ ለሳንባ መጥፎ ነው፣ እኛ ራሱ ማስክ አድርገን ነው የምንሰራው፣ እሷ ደግሞ አፍንጫዋን ደፍታ ነው የምትቆፍረው።

ፔሌት ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ ተፈጭቶ፣ በሙቀት ደርቆ፣ ተጨምቆ ነው የሚሰራው፣ በሙቀቱ ምክንያት ፓይን የሚባለው እንጨት ውስጥ ያለው ፌኖል አብዛኛው ይሄዳል፣ ብናኙም ትንሽ ነው። ሽንት ሲነካው ይፈርስና ወደ ታች ይወርዳል፣ ደረቁ ከላይ ይቀራል፣ ስለዚህ ወንፊት ያለው ባለ ሁለት ንብርብር ሳጥን ይመቸዋል፣ ትነቀንቂዋለሽ በቃ። ስትገዢ ለእንስሳት ተብሎ የተሰራውን ግዢ፣ ለማሞቂያ ምድጃ የሚሸጠው ላይ እሳት እንዲያቀጣጥል የተጨመረ ነገር ሊኖር ይችላል። ሴዳር የሚል እንጨት ካየሽ ተይው፣ የሴዳር ጥሩ ሽታ የሚመጣው ከዛው ዘይቱ ነው።

አንድ ችግር አለው፣ ፍሬው ትልቅና ጠንካራ ስለሆነ መዳፋቸው ላይ የማይመቻቸው ድመቶች አሉ፣ በተለይ ከደቃቅ አሸዋ የመጡት።

አስም ያለበት ቤት፦

እኛ ቤት ድመቱም ልጄም አስም አለባቸው፣ ስለዚህ እኔ ሽታውን ብቻ ሳይሆን አቧራውንም ነው የማየው፣ ሰው ይሄን ይረሳዋል። ሽታ የለውም ተብሎ የተገዛ ርካሽ ሸክላ ሲደፋ ጭስ ነው የሚመስለው። ሸክላ ውስጥ ኳርትዝ የሚባል ማዕድን አለ፣ እሱ ክሪስታል ሲሊካ ነው፣ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1997 በፈረንጆቹ በስራ ቦታ ለዓመታት የሚተነፍሱትን ሰዎች ካንሰር ያመጣል ብሎ አንደኛ ምድብ ውስጥ ያስገባው ነው። ቤት ውስጥ ያለው መጠን ከማዕድን ሰራተኛ ጋር አይወዳደርም፣ ግን አስም ላለበት ሳንባ የትኛውም ብናኝ ብናኝ ነው።

እና ያ ነጩ ክሪስታል የሚባለው ስሙ ሰዎችን ያሳስታል፣ እሱ ሲሊካ ጄል ነው፣ ከኳርትዙ የተለየ ነው፣ ያ አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘው ትንሽ ከረጢት ውስጥ ያለው ነገር ነው። ብናኙ ትንሽ ነው፣ ሽንቱን ወደ ውስጥ ይመጥና ውሃው ይተናል። ለኛ ቤት በደንብ ሰርቶልናል። ላንቺ ልጅ ግን አሁን አልመክረውም፣ ይቆረጥመዋል ስላልሽ፣ ፍሬው ሹል ነው። ሰማያዊ ወይም ሌላ ቀለም ያላቸው ፍሬዎች የተቀላቀሉበት አለ፣ አንዳንዶቹ ላይ ሽቶውም የሚመጣው በነሱ ነው፣ ሙሉ ነጩን ፈልጉ።

አቧራውን መለኪያ ቀላል ዘዴ ልንገራችሁ፣ አንድ ብርጭቆ አሸዋ ግልጽ የሆነ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ክተቱና ክዳኑን ዘግታችሁ ነቅንቁት፣ ከዛ መብራት ፊት ያዙትና እዩ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውና ውስጡ የሚንሳፈፈው ነው እናንተም እነሱም የምትተነፍሱት። ስትደፉም ከላይ ሆናችሁ አትልቀቁት፣ ፓኬቱን ሳጥኑ ስር ድረስ አውርዳችሁ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ።

የክሊኒኳ ልጅ፦

ግራጫ ጭራ ለልጅየው የወረቀት ፔሌት በይ፣ አሁን ባለበት እድሜ ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው። ለስላሳ ነው፣ ትንሽ ቢውጥ እንኳ ይፈርሳል፣ አቧራ የለውም። ክሊኒክ ውስጥ ኦፕራሲዮን የሆኑ ድመቶችን ወደ ቤት ስንልክ የወረቀት ነገር ተጠቀሙ የምንለው ቁስል ላይ ስለማይጣበቅ ነው። ጉድለቱ ሽታን ብዙ አይይዝም፣ ቶሎ ቶሎ መቀየር ይፈልጋል።

ለእናትየዋ ደግሞ ሁለት ሳጥን ካደረግሽ እሷ ትመርጥልሽ። አንዱን ወረቀት፣ ሌላውን ሽታ የሌለው የማይጓጉል ደቃቅ ሸክላ አድርጊ፣ ብዙ ድመቶች ደቃቁን ነው የሚወዱት፣ ለመዳፋቸው ይመቻቸዋል። ልጅየው ሸክላውንም እየበላ መሆኑን ካየሽ ግን ሸክላው እሱ የማይደርስበት ቦታ ይሁን። የመረጠችውን ካወቅሽ በኋላ ሌላ ዓይነት መቀየር ብትፈልጊ በአንድ ጊዜ አይሁን፣ አዲሱን በትንሽ በትንሹ እየቀላቀልሽ ከሳምንት እስከ 10 ቀን ውስጥ አሻግሪያት። ላቬንደሩን ግን ቀስ በቀስ ማለት አያስፈልግም፣ እሱን ራሷ ትታዋለች።

ምንጣፉን ኢንዛይም ባለበት ማጽጃ እጠቢው፣ ካልሆነም ጣይው። አሞኒያ ያለበት ማጽጃ አትጠቀሚ፣ ለሷ ሽንት ሽንት ነው የሚሸታት፣ ተመልሳ ትመጣለች።

ጥንቸል ወዳድ፦

ይቅርታ ጥያቄውን ልውሰድባችሁ አይደለም ግን ጥንቸልና አይጥ የሚያሳድጉ ሰዎችም ይሄን ያነባሉ ብዬ ነው። የድመት አሸዋ ሽታ የሌለው ቢሆንም ለጥንቸል እንዳታደርጉት። ጥንቸል ሳጥኗ ውስጥ ተቀምጣ ነው የምትበላው፣ ያለውን ሁሉ ትቀምሳለች፣ ማስመለስ ደግሞ ተፈጥሮዋ አይችልም፣ የሚጓጉል ነገር ከዋጠች አለቀ። የወረቀት ፔሌት ከታች፣ ከላዩ ወይም ጫፉ ላይ ድርቆሽ፣ በቃ እሱን እየበላች ትጠቀማለች። የበቆሎ ቆረቆንዳ የተፈጨበትም አለ፣ እሱም አንጀት ይዘጋል።

ለሃምስተርና ለአይጥ ፓይንና ሴዳር ፍቅፋቂ አይሁን። ይሄ አዲስ ወሬ አይደለም፣ በፈረንጆቹ 1967 የታተመ ጥናት ነው የሴዳርና የፓይን ንጣፍ ላይ የቆዩ አይጦች ጉበታቸው መድኃኒት የሚሰባብሩ ኢንዛይሞችን ከልክ በላይ እንደሚያመርት ያሳየው። አስፐን የሚባለው እንጨት ያ ዘይት ስለሌለው ይሻላል። ሌላው ያ ጥጥ የሚመስለው ለስላሳ የጎጆ ንጣፍ ነው፣ ሲታይ ያምራል ግን እግራቸው ላይ ተጠምጥሞ ደም ያቆማል፣ ከዋጡትም አይፈጭም። አይጦች ሳንባቸው ስስ ነው፣ ብዙዎቹ ማይኮፕላዝማ የሚባል የሳንባ ባክቴሪያ ይዘው ነው የሚኖሩት፣ አሞኒያ ሲበዛባቸው ይነሳባቸዋል፣ ስለዚህ ጎጇቸው መሽተት ከጀመረ ሽቶ ሳይሆን አዲስ ንጣፍ ነው የሚፈልጉት።

ግራጫ ጭራ፦

ጥንቸል ወዳድ ምንም ችግር የለውም፣ እኔም ተምሬበታለሁ። የሽንት ምርመራዋ ንጹህ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም ኢንፌክሽንም የሽንት ክሪስታልም የለባትም። ሁለቱን ሳጥን አድርጌያለሁ፣ እናትየዋ ወደ ሸክላው ገባች፣ ቆፈረች፣ ሸናች፣ ቀበረች፣ ሳታስነጥስ። ልጅየው ወረቀቱን ይዞታል፣ ሸክላውን ወንበር ላይ አድርጌ ከሱ አርቄዋለሁ።

አሁን ሌላ ጥያቄ መጣ። እህቴ ልትጠይቀኝ ትመጣለች፣ እኔ ጋ ትንሽ ትቆያለች፣ የ4 ወር ነፍሰ ጡር ናት። ድመት ያለበት ቤት አትሂጂ ብለው አስፈራርተዋታል። ሽታ የሌለው አሸዋ መሆኑ ለሷ ለውጥ አለው? ሳጥኑንስ በምን ልጠበው፣ በረኪና ይሆናል?

የክሊኒኳ ልጅ፦

ትምጣ፣ ምንም አትፍራ። የሚፈራው ቶክሶፕላዝማ (ቶክሶ) የሚባል ጥገኛ ተዋሲያን ነው፣ እሱ ከአሸዋው ዓይነት ጋር አይገናኝም፣ ከማፈሱ ሰዓት ጋር ነው የሚገናኘው። ድመት ያንን ጥገኛ በካካዋ የምታስወጣው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ስትያዝ ለጥቂት ሳምንታት ነው፣ የወጣውም ወዲያው ሰው አይይዝም፣ ከ1 እስከ 5 ቀን ሳጥኑ ውስጥ ሲቆይ ነው መያዝ የሚችል የሚሆነው። በየቀኑ ከታፈሰ እድሉ በጣም ይቀንሳል። እህትሽ ሳጥኑን አትንካ፣ አንቺ አፍሺ፣ እጅሽን ታጠቢ፣ ድመቶቹን ጥሬ ሥጋ አታብዪያቸው። እሷም ድመቶቹን መዳሰስ ትችላለች። ብዙ ሰው ቶክሶን የሚያገኘው በደንብ ካልበሰለ ሥጋና ካልታጠበ አትክልት ነው፣ እሱን ንገሪያት።

ሳጥኑን በሙቅ ውሃና ሽታ በሌለው የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቢው፣ አጥሪው፣ አድርቂው፣ ሌላ አያስፈልገውም። በረኪና ሽንት ላይ ስታፈሺ ከአሞኒያው ጋር ተገናኝቶ ክሎራሚን የሚባል ጋዝ ይወጣል፣ ጠባብ ሻወር ቤት ውስጥ ደግሞ በተለይ ለእህትሽ አይሆንም። ውሃ ላይ ሲጨመሩ ነጭ የሚሆኑት የፓይን ሽታ ያላቸው ፀረ ተዋሲያንም ፌኖል ስላላቸው ድመት በሚረግጠው ነገር ላይ አታድርጊ፣ መዳፏን መላሷ አይቀርም። ፕላስቲኩ በጥፍር ሲጫጫር ሽታ ስለሚይዝ በዓመት አንዴ አካባቢ ሳጥኑን ራሱን ቀይሪው።

ባለ ሦስት ድመት፦

ሽንት ቤት ውስጥም አትድፉት ማንኛውንም፣ ፓኬቱ ይቻላል ቢልም። የሚጓጉለው ቱቦውን ይዘጋል፣ የማይጓጉለው ደግሞ የቶክሶውን እንቁላል ወደ ውሃ ይልካል፣ የፍሳሽ ማጣሪያ ሁሌ አያጠፋውም። በፌስታል ቋጥራችሁ ቆሻሻ ውስጥ።

ሌላ ደግሞ ወንድ ድመት ላላችሁ ሁሉ፣ ሳጥን ሲቀየር ሁላችንም ሳጥኑ ላይ ዓይናችንን እናሳርፋለን፣ በዛው ይሄንንም እዩ። ወንዱ ሳጥን ውስጥ ደጋግሞ ገብቶ እያማጠ ምንም ካልወጣው ወይም ጠብታ ብቻ ከሆነ፣ እየጮኸ ታችኛውን ክፍል ከላሰ፣ የአሸዋ ጉዳይ ነው ብላችሁ እንዳታሳድሩት። ቧንቧው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፣ በአንድና ሁለት ቀን ውስጥ ይገድላል። ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ፈልጉ። ግራጫ ጭራ ያንቺም ልጅ ሲያድግ ይሄን ያዢው።